የኬንሺን አማካኬሩ፦ ሚስጥሩ ግራ እግሩ ነው ወይስ ነፋሱ?

ቦሌ_ሳሙራይ | ቅዳሜ ጠዋት 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶአችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ሳንስማማ ተለያየን። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እዚህ አመጣሁት።

ጉዳዩ የሂሙራ ኬንሺን የመጨረሻ ምት ነው፤ አማካኬሩ ሪዩ ኖ ሂራሜኪ። በደምሳሳው "በሰማይ የሚበር ዘንዶ ብልጭታ" እንደማለት ነው። ለማሳጠር አማካኬሩ እያልኩ እቀጥላለሁ። ማንጋውን (የጃፓን የሥዕል ታሪኩን) ላላነበበ፦ ኖቡሂሮ ዋትሱኪ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 ያወጣው የ28 ቅጽ ሥራ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1878 ነው፤ የሜይጂ መንግሥት ጎራዴ ታጥቆ መሄድን ከከለከለ ሁለት ዓመት በኋላ። ኬንሺን ድሮ ነፍሰ ገዳይ ነበር። አሁን ሰው ላለመግደል ስለቱ በተቃራኒው ወገን የተሠራ ጎራዴ ታጥቆ ይዞራል። ያ ጎራዴ ሳካባቶ ይባላል። ከዚህ በታች ስፖይለር በሽ ነው። ያልጨረሳችሁ ጨርሳችሁ ኑ።

መጀመሪያ ምቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስቀምጥ።

ባቶጁትሱ የሚባለው ጎራዴውን ከአፎቱ እየመዘዙ በዚያው መምታት ነው። መምዘዙና መምታቱ አንድ ነገር ናቸው። አፎቱ ያለው በግራ ወገብ ነው፤ የሚመዘው ቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚረግጠው ቀኝ እግር ነው። ግራው ከቀደመ፣ ከአፎት የሚወጣው ስለት የራስህን እግር ሊያገኘው ይችላል። ማንጋው ውስጥ ይሄ የማይጣስ ሕግ ነው። ኬንሺን ግን ጎራዴው ሊወጣ ባለበት ቅጽበት በቀኙ ላይ ግራውን ይጨምራል። አንድ እርምጃ። የሰውነቱ ክብደት ሁሉ ምቱ ውስጥ ይገባል።

ተጋጣሚው ያንን ቢመክትስ? ወይ ቢያመልጥስ? ጎራዴው የገፋው አየር ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶው ተጋጣሚውን ወደ ኬንሺን ይስበዋል። ኬንሺን ሙሉ ዞሮ ሁለተኛውን ያሳርፍበታል።

ጓደኛዬ "የምቱ ልብ ያ ባዶ ነው፤ ማንም የማያመልጠው ስለሚስብ ነው" ይላል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ልቡ ግራ እግሩ ነው። ማስረጃዬ የሶጂሮ ፍልሚያ ነው። ሶጂሮ ሹኩቺ በሚባለው ሩጫው ለዓይን የማይታይ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ሩጫውን ከባቶጁትሱ ጋር ቀላቅሎ መጣ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት መዘዙ። እዚያ ፍልሚያ ላይ የሳበው ነፋስ የለም። ሁለተኛ ምትም አላስፈለገም። የሶጂሮ ጎራዴ ተሰበረ፣ እሱም ተሸነፈ። አንዱ እየበረረ መጥቶ፣ ሌላው ቆሞ ጠብቆ፣ የቆመው ፈጠነ። ይሄን ከአንዷ እርምጃ ሌላ ምን ያስረዳዋል?

ሚሚ_ካኦሩ | ቅዳሜ ጠዋት 3:42

ከጓደኛህ ጋር ነኝ።

የሶጂሮን ፍልሚያ ይዘህ የአለቃውን የሺሺዮን ዘለልከው። ሺሺዮ እኮ የመጀመሪያውን ምት በጎራዴው መክቶታል! ግራ እግሩ፣ ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ ያልከው ሁሉ እዚያ ላይ ተሞክሮ ተመክቷል። ሌላ ቴክኒክ ቢሆን ኬንሺን በዚያች ቅጽበት ሟች ነበር። እጁ ተዘርግቷል፣ ደረቱ ክፍት ነው፣ ደሙ ፈስሶ አልቋል። ሺሺዮም ያሸነፈ መስሎት ነበር። ከዚያ ግን ሰውነቱ ወደፊት ተጎተተበት። ሁለተኛው ምት ያገኘው ተጎትቶ ነው።

ስለዚህ አማካኬሩን ከሌላው ባቶጁትሱ የሚለየው ከከሸፈ በኋላ የሚሆነው ነው። ፈጣን ምት ሶጂሮም አለው። ከሽፎ የሚያሸንፍ ምት ያለው ግን ኬንሺን ብቻ ነው።

ያንን ገጽ መጀመሪያ ያየሁት ታላቅ ወንድሜ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ገጹን ሲገልጥ ሁለታችንም አብረን ተነሳን። እስካሁን እግሬ ላይ ይሰማኛል።

ያልጨረሰው | ቅዳሜ ጠዋት 3:50

እኔ በ2023 የጀመረውን አዲሱን አኒሜ እያየሁ ነው፤ ታሪኩ ገና ኪዮቶ መግባቱ ነው። ስፖይለሩን እያወቅኩ አነበብኩት፣ አልጸጸትም። ግን አንድ ጥያቄ፦ ይሄ ምት ባለሁለት ጎራዴው አዮሺ ፍልሚያ ላይም ይመጣል?

ቦሌ_ሳሙራይ | ቅዳሜ ጠዋት 3:58

ይመጣል ወንድሜ። አዮሺ በሁለት አጫጭር ጎራዴዎች ስድስት ጊዜ ሲቆርጥ፣ ኬንሺን መሃሉን ሰንጥቆ ይገባል። ከዚህ በላይ አልነግርህም። ራስህ እየው።

ሚሚ፣ የሺሺዮን አልዘለልኩትም፤ አንቺ እንደምታመጪው አውቄ ጠብቄሽ ነው። ቲቸር እዚህ ካሉ ነፋሱን እሳቸው ይዩልን።

ፊዚክስ_ቲቸር | ቅዳሜ ቀን 6:15

አለሁ ልጆች። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ይሄንኑ ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ያኔ ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ልድገምላችሁ።

ባዶ ቦታ ራሱ አይስብም። የሚገፋው ከወዲያ ያለው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የአሥር ቶን ክብደት ያህል ይጫናል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ ከዚያ ሩብ ያህሉን ቀንሱ። አሥር ቶን ትልቅ ነው፤ ሰው ያንቀሳቅሳል። እስከዚህ ሚሚ ልክ ናት።

ችግሩ ጊዜው ነው። አየር ባዶውን ለመሙላት የሚሮጠው በድምፅ ፍጥነት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር። የጎራዴው ጎን ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎራዴው ከድምፅ ፈጥኖ አለፈ እንበል፤ ያለፈበትን አየር ሙልጭ አድርጎ ጠረገው እንበል። ያ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተመልሶ የሚሞላው ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የጎራዴው ርዝመት 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ግፊቱ የሚያርፍበት ስፋት 210 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ጉልበቱ 2,100 ኒውተን ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ ጉልበት፣ ለዚህች ጊዜ ቢገፋ፣ የሚያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጉንዳን ትቀድመዋለች። በዚያ ላይ ጎራዴ የሚሄደው በጠርዙ እንጂ በጎኑ አይደለም፤ የሚተወው ክፍተት ከዚህም ያንሳል።

ስለዚህ በእኛ ዓለም ሺሺዮ አይጎተትም።

ግን ሁለተኛው ምት ትርጉም አለው፤ እሱን ደግሞ ልንገራችሁ። በሙሉ ኃይል የሄደ ጎራዴ ሲስት ማቆም ከባድ ነው። አቁመህ፣ መልሰህ፣ እንደገና ለማስነሳት ጊዜ ይበላል። ባታቆመውስ? አብረኸው ብትዞር ያለህን ፍጥነት ይዘህ ዞረህ ትመጣለህ። የሕፃናት መጫወቻ ላይ የሚሽከረከረውን ወንበር አስቡት፤ እየዞረ ያለውን አንድ ጊዜ መግፋት ይበቃል። ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው የሚበረታው በዚህ ነው።

የዚህ ዋጋው ጀርባ መስጠት ነው። የምትዞርበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው ብንል፣ ሰው ያየውን ነገር መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ንቁ ተጋጣሚ ጀርባህን ሁለት ጊዜ ይደርስበታል። ደራሲው ነፋሱን ያስገባው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ኬንሺን ጀርባውን ሰጥቶ ሲዞር ተጋጣሚውን የሚይዝለት አንድ ነገር አስፈለገው። ያቺን ቀዳዳ በነፋስ ደፈናት።

ሚሚ_ካኦሩ | ቅዳሜ ቀን 6:40

ቲቸር ስሌቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ደስ አለኝ፤ እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

ግን የራስዎን ቃል ይዤ ልመለስ። ነፋሱ ቀዳዳውን የደፈነ ከሆነ፣ ያለ ነፋሱ ምቱ ቀዳዳ ነው ማለት ነው። ማንጋው ውስጥ አየር ሰው ይስባል፤ ያ የዚያ ዓለም ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ሆነን ስንከራከር፣ ሺሺዮን ያሸነፈው ነፋሱ ነው። የእግሩ ፍልስፍና የሚሠራው የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ብቻ ነው።

ናቲ_ሂተን | ቅዳሜ ቀን 8:05

ሁለታችሁም የረሳችሁት ሰው አለ። ነፍሰ ገዳዩ ኡዶ ጂንኤ።

መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ነው። ጂንኤ ኬንሺን ለባቶጁትሱ ሲዘጋጅ አይቶ ንቆታል። ምክንያቱም ሳካባቶ ለባቶጁትሱ አይመችም። ተራ ጎራዴ ስለቱ በሚያብጠው ወገን ነው፤ ከአፎቱ ተንሸራቶ ይወጣል። ስለቱ ሲገለበጥ መንሸራተቱ ይበላሻል፣ ይዘገያል። ጂንኤ ይሄን አስልቶ ምቱን አመለጠ። ኬንሺን ግን በዚያው ዙር በአፎቱ መታው፤ ክርኑን ሰበረው። ሶሪዩሴን የሚባለው ነው፤ ጎራዴ ቀድሞ አፎት ይከተላል።

ምን ለማለት ነው? የኬንሺን የጎራዴ ትምህርት ቤት፣ የሂተን ሚትሱሩጊ፣ ባቶጁትሱ ከመጀመሪያውም ሁለት ደረጃ አለው። "የመጀመሪያው ሊከሽፍ ይችላል" ብሎ ነው የሚጀምረው። አማካኬሩ የዚያው አስተሳሰብ ጫፍ ነው። ስለዚህ ሚሚ፣ ከሽፎ ማሸነፍ የአማካኬሩ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ነው። ለአማካኬሩ ብቻ የሚቀረው ታዲያ ምንድን ነው? ግራ እግሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋትሱኪ ኬንሺንን ሲፈጥር በከፊል የተነሳው ከእውነተኛ ሰው ነው፤ ካዋካሚ ጌንሳይ። በባኩማትሱ፣ ማለትም በሾጉኖች አገዛዝ ማብቂያ ዘመን፣ ከታወቁት አራቱ ነፍሰ ገዳዮች አንዱ ነው፤ በ1872 በሞት ተቀጣ። ሲመዝ ቀኝ ጉልበቱን አጥፎ፣ ግራ እግሩን ከኋላው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዘርግቶ፣ በአንድ እጅ ከታች ይቆርጥ ነበር ይባላል። እውነተኛው ሰው ግራውን ኋላ ትቷል። ማንጋው ደግሞ ያንኑ እግር ወደፊት አመጣው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ስቶክሆልም_ዶጆ | ቅዳሜ ምሽት 1:20

ሰላም ወገን። ለዓመታት አነበብኳችሁ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ ስዊድን ኢያይዶ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ኢያይዶ ጎራዴ መምዘዝን የሚያስተምር ነው። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ቀዝቃዛ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ አንድ ነገር መቶ ጊዜ እንደጋግማለን።

"ግራ እግር ከቀደመ እግርህን ትቆርጣለህ" የሚለው ማንጋው ውስጥ ሕግ ነው። በእውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የመላ ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን 12 መደበኛ ካታዎች (ቅደም ተከተላቸው የተወሰነ ልምምዶች) አሉት። ሁለተኛዋ ኡሺሮ ትባላለች፤ "ከኋላ" ማለት ነው። ተንበርክከህ ተቀምጠሃል፤ ጠላት ከጀርባህ ነው። በቀኝ ጉልበትህ ላይ ትዞራለህ፤ ግራ እግርህን ትንሽ ወደ ግራ አድርገህ ወደፊት ትረግጣለህ፤ በዚያው ትመዝና ጠላትህን ግንባሩ ጎን ላይ ታገኘዋለህ። በአግድም። በግራ እግር። ጀማሪ ሁሉ ይማራታል። ሦስተኛዋ ኡኬናጋሺም በግራ እግር ናት፤ እሷ ግን ጎራዴው ወደ ላይ ስለሚወጣ ለእግር አታሰጋም።

እግራችን ለምን አይቆረጥም? የኡሺሮ ምት ከወገብ በላይ ስለሚያልፍ ነው። አደጋ የሚሆነው ምቱ ከላይ ወደ ታች ሲሰያፍ ነው።

አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጎራዴ ሲመዘዝ የሚሠራው ቀኝ እጅ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ግራ አውራ ጣት የእጀታውን መከታ ገፋ ያደርጋል፤ ጎራዴው ከአፎቱ አፍ ቅንጣት ይላቀቃል። ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ይጎትታል። ቀስ! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው መሮጥ ይፈልጋል። የጎራዴው ጫፍ አፎቱ ውስጥ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ብቻ ነው ሁሉ ነገር የሚፈነዳው። ያኔ ግራ እጅ አፎቱን ወደ ኋላ ይስባል። ቀኝ እጅ ወደፊት፣ አፎት ወደ ኋላ። ጫፉ የሚተኮሰው በሁለቱ መሃል ነው። ግራ እጅ ከሰነፈ ጫፉ አፎቱ ውስጥ ይያዛል። እኔ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ጫፉን ወደ አፎቱ ስመልስ ግራ መዳፌን ወግቼዋለሁ። የመለማመጃው ጎራዴ ስለት የለውም፤ ጫፉ ግን ሹል ነው። ጠባሳዋ አሁንም አውራ ጣቴ ሥር አለች።

ስለዚህ ስለ አማካኬሩ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ግራ እጅ አፎቱን ወደ ኋላ እየሳበ፣ ግራ እግር ወደፊት ሲሄድ፣ ግራ ዳሌ ወዴት ይሂድ? በኡሺሮ እግሩ የሚያርፈው ሰውነት በሚዞርበት ጊዜ ነው። ኬንሺን ግን ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ይሄን ገና አልፈታሁትም።

ፊዚክስ_ቲቸር | ቅዳሜ ምሽት 1:45

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ያንተ ጥያቄ በለጠብኝ።

ባለጎራዴው_አያቴ | ቅዳሜ ምሽት 2:10

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኛ ሾተል እኮ የሚታጠቀው በቀኝ ጎን ነው። ቀኝ እጅ ከቀኝ ጎን ይመዛል። አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ጎራዴ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አውርጄ ስታጠቅ ሁልጊዜ በግራ አደርገው ነበር፤ ፊልም ላይ እንዳየሁት። አያቴ ዝም ብለው ወደ ቀኝ ያዞሩልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ግራ እጁ ጋሻ የያዘ ሰው አፎቱን የሚስብበት እጅ የለውም። ስቶክሆልም አሁን ስለ ግራ እጅ ሲያወራ ገባኝ።

ናቲ_ሂተን | ቅዳሜ ምሽት 2:30

ይሄ ከርዕሱ መውጣት አይደለም ወንድሜ፤ መሃሉ ላይ ነው ያረፍከው። ባቶጁትሱ የሁለት እጅ ሥራ ነው ማለት ነው። አንዱ እጅ ሌላ ሥራ ካለበት አይሆንም።

ስቶክሆልም፣ ሳካባቶን ይዘህ አስበው እስቲ። ሲመዝ ከፊት የሚሄደው ደነዙ ወገን ነው። ግራ እግሩ ቢቀድምና ጎራዴው ቢያገኘው የሚያገኘው ደነዙ ነው። ታዲያ ኬንሺን ምን ያስፈራዋል?

ስቶክሆልም_ዶጆ | ቅዳሜ ምሽት 3:05

አጥንት ይሰብራል እንጂ ደህና አይደለም፤ ሳካባቶ ለተጋጣሚው የሚያደርገውን ለራሱም ያደርጋል። ሌላው ደግሞ ስለቱ ያለው ከኋላ ነው። ይሄ ማለት ጎራዴው ሲወጣ ስለቱ ወደ ኬንሺን ገላ ነው የሚያየው። ጎራዴው ካለፈ በኋላ የደረሰ እግር ደህና ነው። ምቱ ተመክቶ ጎራዴው ወደ ኋላ ቢመለስ ግን የመጀመሪያው የሚያገኘው የራሱ ሥጋ ነው። እኔ ያንን ጎራዴ በእጄ ብይዝ በቀኝ እግሬም ቢሆን ቀስ ብዬ ነበር የምመዘው።

ሚሚ_ካኦሩ | ቅዳሜ ምሽት 3:40

እሺ፣ አሁን የኤኒሺን ላምጣ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም።

ኤኒሺ የኬንሺን ሟች ሚስት የቶሞኤ ወንድም ነው፤ አማካኬሩን ያሸነፈ ሰው ነው። ኬንሺን በሚኖርበት ካሚያ ዶጆ (የጎራዴ ማሠልጠኛ) ላይ፣ በመጀመሪያው ፍልሚያ። ቴክኒኩን ኮፉኩ ዜቶሴይ ይለዋል፤ እንዳደፈጠ ነብር መሬት ላይ ዝቅ ብሎ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ኬንሺን ምቱን ሰንዝሮ ተሸነፈ።

ለራሴ የምጠይቀው ነፋሱ የት ነበር ነው። ነፋሱ የምቱ ልብ ከሆነ፣ ያልተመታውን ኤኒሺን መሳብ ነበረበት። አልሳበውም፤ ወይ አልደረሰበትም። ከዚያ በመጨረሻው ፍልሚያ ያው ኤኒሺ ያንኑ ዝቅታ ይዞ መጣ። ኬንሺን ያንኑ አማካኬሩ ይዞ መጣ። አሁን ግን ኬንሺን አሸነፈ፤ በመጀመሪያው ምት። ቴክኒኩ አልተለወጠም። ነፋሱም አልተለወጠም። የተለወጠው ኬንሺን ነው። መጀመሪያ ሲዋጋ በቶሞኤ ሞት የሚከሰው ሰው ፊቱ ቆሞ፣ ልቡ ግማሹ "ይበለኝ" ይል ነበር።

ቦሌ፣ ለአንተ ማስረጃ እየሰጠሁህ መሆኑን አውቃለሁ። ቅር ቢለኝም እውነቱን መደበቅ አልወድም።

ቦሌ_ሳሙራይ | ቅዳሜ ማታ 4:25

ሚሚ እጅ ነስቻለሁ። ይሄን ለመጻፍ ልብ ይጠይቃል። ያነሳሽውን ይዤ የኬንሺን አስተማሪ ወደሆነው ወደ ሂኮ ልሂድ፤ ለእኔ የክርክሩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

አሥራ ሦስተኛው ሂኮ ሴይጁሮ አማካኬሩን አላስተማረም። ማስተማር አይቻልም። ያደረገው ኩዙሪዩሴንን በኬንሺን ላይ መሰንዘር ነው። ኩዙሪዩሴን ዘጠኝ ምት ነው፤ ጎራዴ የሚቆርጥባቸው ዘጠኙም ቦታዎች፣ በአንድ ጊዜ። ማምለጥ የለም፣ መመከት የለም። የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ዘጠኙ ሳይደርሱብህ አንተ መድረስ። ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ውስጥ።

ከዚያ በፊት ሂኮ "አንድ ነገር ይጎድልሃል፤ ሌሊቱን ፈልገው" ብሎታል። ኬንሺን ማግኘት አልቻለም። ያገኘው ምቱ ፊቱ ላይ ሲደርስ ነው፤ ለመኖር መፈለግ። የገደላቸውን ሰዎች የሚቆጥር ሰው የራሱን ሕይወት ርካሽ ያደርጋል። ሲሞት ያርፋል ብሎ ያስባል።

አሁን ይሄን ወደ እግሩ አምጡት። ግራ እግር የሚረግጠው ጎራዴው ገና እየወጣ ሳለ ነው። ቲቸር እንዳሉት ለማሰብ 0.2 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ቦታ 0.2 ሰከንድ የለም። "ልርገጥ ወይስ ይቅር" የምትልበት ጊዜ የለም። ቀድመህ ወስነህ መምጣት አለብህ። ግማሽ ልብ ያለው ሰው ግማሽ እርምጃ ይረግጣል። ግማሽ እርምጃ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ እግሩም ጎራዴው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ክብደቱም ኋላ ይቀራል። ኤኒሺ ፊት የሆነው ይሄ ይመስለኛል። የተሸነፈው ቴክኒኩ አይደለም፤ እርምጃው ሙሉ አልነበረም።

ስለዚህ "ለመኖር መፈለግ" ለጌጥ የገባ ንግግር አድርጌ አላየውም። የእግር ሥራ መመሪያ ነው።

ያልጨረሰው | ቅዳሜ ማታ 4:50

እናንተን ሳነብ ሦስት ክፍል ማየት ነበረብኝ፤ አንድም አላየሁም። አሁን ገብቼ ማየት አለብኝ፣ ደህና እደሩ።

ስቶክሆልም_ዶጆ | ማክሰኞ ምሽት 4:30

ተመለስኩ። ዛሬ ልምምድ ነበረን። ካለቀ በኋላ ለአስተማሪያችን ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ማንጋውን ያውቁታል። የእንጨት ጎራዴ ከፕላስቲክ አፎት ጋር ሰጡኝና "ቀስ እያልክ ሞክረው፤ እኔ አይሃለሁ" አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሙከራዎች አስቀያሚ ነበሩ። ቀኝ እግሬን ረግጬ፣ መምዘዝ ጀምሬ፣ ግራውን ስጨምር አፎቱ ከዳሌዬ ጋር ወደፊት ይመጣል። ግራ እጄ ወደ ኋላ ይስባል፣ ዳሌዬ ወደፊት ይገፋዋል። ጫፉ ተያዘ። ሁለት ጊዜ ጉልበቴን መታሁት። በእንጨት ነው፤ ግን አሁን ስጽፍ ያመኛል።

ከዚያ አስተማሪዬ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ "አፎቱን ስበህ ጨርስ፤ ከዚያ እርገጥ።" በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ እፍኝ አይሞላም፤ ግን አለ። ጫፉ አፎቱን ሲለቅ ግራ እጄ ሥራውን ጨርሷል። ያኔ ግራ እግሬ ነፃ ነው። እንደዚያ ሳደርገው ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ።

ተነሱና ሞክሩት። ቀኝ እግራችሁን አስቀድማችሁ ቀኝ እጃችሁን ከግራ ወደ ቀኝ አወናጭፉ። ዳሌያችሁ ወደ ግራ ዞሯል፣ እጃችሁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይጋጫሉ። አሁን እጃችሁ ሲሄድ ግራ እግራችሁን ወደፊት ርገጡ። ዳሌያችሁ ራሱ ወደ ቀኝ ዞረ፤ እጃችሁ ወደሚሄድበት። ጎራዴውና ሰውነቱ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

እንጨቱ ባዶ አየር ሲመታ ማቆም አልቻልኩም። ሰውነቴ ዞረ። ሙሉ ዙር። ሳላስበው ሁለተኛው ምት መጣ፤ ከመጀመሪያው በርትቶ፣ ከዚያው ወገን። አስተማሪዬ ፈገግ አሉ።

የሳበኝ ነፋስ አልነበረም። ግን ሁለተኛውን ምት እኔ አልጀመርኩትም፤ ግራ እግሬ ቀድሞ ጀምሮታል።

ሚሚ_ካኦሩ | ማክሰኞ ምሽት 4:41

አሁን ሳሎን መሃል ቆሜ ሞከርኩት፤ በመጥረጊያ እንጨት። ዞርኩ። ወንድሜን ጠርቼ እሱንም አስሞከርኩት፤ ዞረ። የሺሺዮን ምዕራፍ ከመደርደሪያው አውርዶ እግሩን እየፈለገ ነው።

ቦሌ_ሳሙራይ | ማክሰኞ ምሽት 4:44

ያንን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ለጓደኛዬ ነገ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ አሳየዋለሁ።